የጠቡ ሥር ማን ነው?

የጎሬቲ ሄዋጎ ሥራ ከሩቅ ለሚያየው ሥራ አይመስልም። በደሴታችን ደጋ ካለችው ከታሪ ከተማ ወደ ጋዝ ጉድጓዶቹ በሚወጣው መንገድ፣ ድልድዩ አጠገብ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ቆማ ረጅም እንጨት ላይ የተቸነከረ ክብ ሰሌዳ ታዞራለች። ባንድ ፊቱ «ቁም»፣ በሌላው «እለፍ» ይላል። ዝናብም ይውረድ፣ ጭጋግም ይልበስ፣ ቧንቧ የጫነው፣ ነዳጅ የጫነው፣ የካምፑን ዶሮና አይስክሬም የጫነው ሁሉ የሚያልፈው እሷ ስታዞር ነው። ብርቱካናማ ሰደርያዋን ለብሳ፣ ሄልሜቷን አጥልቃ ስትቆም እናቷ ዳሊ ከማሳዋ ላይ ሆና ታያትና፣ «ልጄ መንግሥት ሆነች፤ መኪና ሁሉ እሷን ይፈራል» እያለች ለጎረቤት ትጎርር ነበር።

መንግሥት! ያ ሰሌዳ ድንጋይ አይመልስ፣ ቆንጨራ አይመክት። የሰከረ ጎረምሳ ሲመጣ፣ መሬቴን ወሰዱብኝ ያለ ሰው መጥረቢያ ይዞ መንገድ ሲዘጋ፣ ሾፌሩ መስኮቱን ዘግቶ ይፈረጥጣል፤ ጠባቂው በሩን ቆልፎ ይቀመጣል። እሷ ግን መንገዱ መሃል ናት። በስልጠናው ቀን፣ አደጋ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ ነግረዋት ነበር፦ በሬዲዮ ትናገር፣ ከቦታዋ ግን አትነቃነቅ። ይህን ትእዛዝ ያወጣው ሰው ራሱ የሚውለው ከሽቦ አጥር ጀርባ ነው።

ነገሩ የመጣው በገበያ ቀን ነው። የማዶ ሰዎች፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው ጎሳ ማለት ነው፣ ስኳር ድንችና ጎመናቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ አሳማቸውን እየጎተቱ በድልድዩ ላይ ይጎርፋሉ። ጭጋጉ አስር እርምጃ አያሳይም። ቧንቧ የጫነ ረጅም መኪና ከላይ መጣ። ጎሬቲ ቁም አለችው፤ ቆመ። ወዲያው ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ጎሬቲ፣ ልቀቂው።»

ዳሪል ነው፤ የመስኩ ኃላፊ። አውስትራሊያዊ ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት እኛ ዘንድ ኖሯል፤ ሁሉም የሚግባባበትን ቋንቋ፣ ቶክ ፒሲንን፣ እንደኛው ያቀላጥፈዋል።

«ሚስተር ዳሪል፣ ድልድዩ ሰው ሞልቶታል። ትንሽ ይታገስ» አለች።

«ጠዋትም ይታገስ አልሽኝ። ላይ ክሬኑ ሥራ ፈትቶ ቆሟል።»

«ሰው አለ እኮ ነው የምልዎ!»

«ልቀቂው አልኩሽ! ካልቻልሽ የምትችል አመጣለሁ።»

ሰሌዳውን አዞረች። መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ፤ ድልድዩ ላይ ቱምቡ የሚባል የማዶ ሰው ከነሸክሙ ደፍጥጦ አለፈ። ሾፌሩ አልቆመም። እኛ አገር ሰው የገጨ ሾፌር አይቆምም፤ ከቆመ እዚያው ይቆራርጡታል። ቀጥ ብሎ ካምፕ ገባ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም በሄሊኮፕተር ወጣ። ማን ይባል እንደነበር እንኳ ያወቀ የለም። መኪናው ሄደ፣ ሾፌሩ ሄደ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሲያይ ያገኘው ጎሬቲን ነው፤ «እለፍ» የሚለውን ሰሌዳ እንደያዘች ደንዝዛ ቆማለች።

እኛ ዘንድ ደም ሲፈስ የሚጠየቀው ገዳዩ ማን ነው ተብሎ ብቻ አይደለም። የጠቡ ሥር ማን ነው ይባላል። የጠብ ሥር የሆነ ሰው ካሳውን ይከፍላል። እሱ ካቃተው ወንድሞቹ ይከፍላሉ፤ እነሱም ካቃታቸው በነፍሳቸው ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ከሁለቱም ወገን የሚወድቀው ሬሳ ሁሉ በሱ ስም ነው የሚቆጠረው፤ ልጆቹም ይወርሱታል። ጎሬቲ ሁለት ወንድሞች አሏት። ያን ቀን ማታ እናቷ ቤት ቁጭ ብለው አንዳቸውም ምግብ አልቀመሱም።

ሐዘኑ ሳይወጣ የቱምቡ ታላቅ ወንድም ሃንዳቤ ወደ ጠመዝማዛው መጣ። ፊቱን የተቀባው የለቅሶ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በእጁ ቆንጨራ ይዟል።

«አንቺ ነሽ ያዞርሽው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጎሬቲ። «ግን ታዝዤ ነው።»

«ማን አዘዘሽ?»

«በሬዲዮ ነው ያዘዙኝ።»

«ሬዲዮ ወንድም አለው? ሬዲዮ እናት አለው? ሬዲዮን የት አግኝቼ ልካስ?»

መልስ አልጠበቀም። የቆንጨራውን ጀርባ ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍባት አጥንቷ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። በስለቱ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራላት ጎሬቲ የለችም። «ይሄ መልእክት ነው» አለ። «ለወንድሞችሽ ንገሪያቸው፤ ይዘጋጁ።»

ጭቃው ላይ እንደወደቀች በደህናው እጇ ሬዲዮውን ተጫነች። የኩባንያው ጠባቂዎች መጡ። መጡና ሃንዳቤ ድልድዩን ተሻግሮ እስኪጠፋ ድረስ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ተመለከቱ። ከዚያ አልፎንስ የሚባለው ወረደ። በመጀመሪያ ሰሌዳውን አነሳ፣ በሳር ጠራረገው። ቀጥሎ ሬዲዮውን አነሳ። ጎሬቲን ያነሳት በመጨረሻ ነው። እሱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የተቀጠረው ለኩባንያው ዕቃ ነው፤ እሷ ደግሞ ዕቃ አይደለችም።

የካምፑ ሐኪም ክንዷን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት። ዳሪል ሊጠይቃት መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ በጣም እንዳዘነ ነገራት። ፊቱም ያዘነ ይመስል ነበር።

«ግን እንደምታውቂው ይሄ የባህል ጉዳይ ነው» አለ። «ኩባንያው በባህላችሁ ጣልቃ አይገባም።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ እኮ፣ ሚስተር ዳሪል። ሰደርያዎን ለብሼ ነው የተመታሁት።»

«ገብቶኛል። ግን የመታሽ የኛ ሠራተኛ አይደለም። እናንተው ተነጋግራችሁ የምትፈቱት ነገር ነው።»

ስሙልኝ እንግዲህ! ተራራችንን ሲቦረቡሩ ባህል ትዝ አላላቸውም። የአባቶቻችንን አጽም ከዋሻ አንስተው መንገድ ሲያሳልፉ ባህል ትዝ አላላቸውም። የሴት ልጅ ትከሻ በሥራ ሰዓት ሲሰበር ግን ባህላችን በጣም የሚከበር ነገር ሆኖ ተገኘ። ጎሬቲ ደመወዙን ቤቷ ይፈልገዋልና ክንዷ እንደተንጠለጠለ ባንድ እጇ ሰሌዳ ልታዞር ተመለሰች።

ጥቂት ቆይቶ አጎቷ አጊሎ ቤታቸው መጣ። አጊሎ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው በኩባንያውና በአገሬው መካከል መላላክ ነው። ሩዝና የቆርቆሮ ዓሣ ይዟል። ሰው እጁን ሞልቶ ሲመጣ ደስ ይላል፤ አጊሎ ግን ይዞ ሲመጣ ያስፈራል።

«እህቴ፣ የምሥራች» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ዕርቅ ሊወርድ ነው። ኩባንያው አሳማዎቹን ገዝቷል፤ ሆዳቸው መሬት የሚነካ። የጎሬቲ ድርሻ ቀላል ናት። የመጀመሪያውን አሳማ ገመድ ይዛ ለሃንዳቤ ታቀብላለች። አለቀ።»

ዳሊ ስኳር ድንች ከፍሙ እያወጣች ነበር። እጇ እዚያው ቆመ።

«ገመዱን ማን ይይዛል አልክ?»

«ጎሬቲ።»

«ኩባንያው እጅ የለውም?»

«እንግዲህ ወግ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው...»

«ወጉን ለኔ ነው የምታስተምረው? እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኩህ! የመጀመሪያውን ገመድ የያዘ የጠቡ ሥር እኔ ነኝ አለ ማለት ነው። ይህን ጡት የሚጠባ ያውቃል። አንተ እያወቅክ የእህትህን ልጅ ታስይዛለህ?»

በሩ ላይ የቆመው ሊቤ፣ የጎሬቲ ታላቅ ወንድም፣ አጎቱ የተጫማውን አዲስ የኩባንያ ጫማ ትኩር ብሎ አየ። «አጎቴ፣ ቦት ጫማህ ያምራል» አለ። «ለእኔም ሲገድሉኝ እንዲህ ያለ ታደርግልኛለህ?»

አጊሎ ተቆጣ። ሰው እውነት ሲነገረው እንደሚቆጣው ነው የተቆጣው። «ዳሪል አይይዝም! ጠበቆቹ እንዳትነካ ብለውታል። እሱ ከያዘ ኩባንያው ጥፋቱን አመነ ማለት ነው፤ ይገባችኋል? እሷ ግን ሰሌዳውን አዙራለች፤ ማን ያላየ አለ? ደግሞ ሥራዋንም ታስብበት። ያንን ሰሌዳ የምትመኝ ሴት ሞልታለች።»

ነጮቹ ባህላችንን አያውቁም ሲባል እሰማለሁ። ውሸት ነው። የሚጠቅማቸውን ያህል አሳምረው ያውቁታል። የማያውቁትንም እንደ አጊሎ ያለው ይነግራቸዋል።

 ጎሬቲ በልቧ ታሰላለች። ገመዱን ከያዘች ወንድሞቿን በእጇ አሳልፋ ሰጠች። ወደ እናቷ ወገኖች ብትሸሽ፣ ጥፋተኛ ባትሆን መች ትሸሽ ነበር ይሏታል፤ ያው ሥር ትሆናለች። ቤት ብትቀመጥም ሃንዳቤ መንገዱን ያውቀዋል።

«እመጣለሁ» አለች።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አለ አጊሎ።

«እመጣለሁ ነው ያልኩህ። እሰይ የሚያሰኝ ነገር አልነገርኩህም።»

ሊቤ ሩዙንና ዓሣውን ተሸክሞ ወጣ፤ አጎቱ መኪና ላይ መልሶ ጫነው።

የዕርቁ ቀን የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሞላ። የማዶ ወንዶች በአንድ ወገን፣ የኛዎቹ በሌላ ወገን መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የቱምቡ እናትና እህቶች ጭቃ ተቀብተው ከዳር ያለቅሳሉ። አሳማዎቹ በካስማ ታስረዋል። የኩባንያው መኪኖች ፊታቸውን ወደ መውጫው አዙረው፣ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ቆመዋል። ለዕርቅ የመጣ ሰው ሞተር አጥፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ ግን ማን ልብ አለው? ዳሪል አገሬው ለክብር እንግዳ የሚሸልመውን በክር የተሠራ ከረጢት አንገቱ ላይ አጥልቆ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፎቶ የሚያነሳም ሰው ይዟል።

ሽማግሌዎች ተናገሩ። ዳሪልም ተነስቶ ስለ ጉርብትናና ስለ ሰላም ተናገረ፤ ስለ መኪናው አልተናገረም። ከዚያ አጊሎ ትልቁን አሳማ ከካስማው ፈታ።

«የመጀመሪያውን አሳማ ልጃችን ጎሬቲ ሄዋጎ ታስረክባለች!»

 ጎሬቲ ክንዷ እንደተንጠለጠለ መሃል ገባች። አጊሎ ገመዱን ዘረጋላት። እሷም ደህናውን እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«አልይዝም።»

«ያዢ እንጂ!» አለ አጊሎ ጥርሱን ነክሶ። «ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«አንተ ስትሸጠኝ መች ሰው ፊት መሆኑን አሰብክ?»

ከወንዶቹ መሃል ጉምጉምታ ተነሳ። «ሴት በጉባኤ ትናገራለች?» አለ አንዱ። «አስቀምጧት!» አለ ሌላው። ጎሬቲ ግን ከመሃል አልወጣችም። ዳሪል እንዲሰማት በቶክ ፒሲን ነው የተናገረችው።

«አባቶቼ፣ ሴት እዚህ እንደማትናገር አላጣሁትም። ወንዶቹ እውነቱን ቢናገሩልኝ ዝም እል ነበር። ሰሌዳውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ሃንዳቤ ሲጠይቀኝም አልካድኩም፤ ትከሻዬ ይመስክር። ግን ሰው አለ፣ ይታገስ ብዬ ነበር። ልቀቂው ብሎ የጮኸብኝ ያ ነው፣ ያ ከረጢት ያጠለቀው! መኪናው የሱ። መንገዱ የሱ። ቧንቧው የሱ። አሳማዎቹን የገዛው እሱ። ገመዱ ብቻ የኔ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?»

ገመዱን ከአጎቷ እጅ ነጠቀችና አሳማውን እየጎተተች ወደ ወንበሩ ሄደች።

«ያዝ!» አለችው ዳሪልን። «ልቀቂው ስትለኝ ድምፅህ ወፍራም ነበር። አሁን ያዝ!»

ዳሪል ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ገመዱ እሳት የሆነ ይመስል እንዳይነካው ተጠነቀቀ። ደረቱ ላይ ስትጥልበት ወደ ኋላ ሲሸሽ ከነወንበሩ ተገለበጠ፤ ባርኔጣው ጭቃ ውስጥ ገባ። አሳማው ተፈትልኮ በሕዝቡ መሃል ሮጠ። ከኋላ ያሉ ሴቶች ሳቁ። ሃንዳቤ ግን አልሳቀም። ተነስቶ በቀስታ መጣና ዳሪል ፊት ቆመ።

«ልጅቷ የምትለው እውነት ነው? ልቀቂው ያልካት አንተ ነህ?»

ዳሪል ሱሪውን እያራገፈ አጊሎን አየ፣ መኪናውን አየ። «ጉዳዩ ገና እየተጣራ ነው» አለ።

«ስለ ማጣራት አልጠየቅኩህም። አዎ ወይስ አይደለም?»

ዳሪል ዞሮ ወደ መኪናው ሄደ። መጀመሪያ እየተራመደ ነበር፤ በኋላ ሮጠ። ሞተሩ መቼም አልጠፋም፤ በሩ ሳይዘጋ ተንቀሳቀሱ። አጊሎም እያለከለከ ከኋላ ተንጠለጠለ።

ሃንዳቤ አቧራው እስኪያርፍ ቆይቶ ወደ ሁለቱም ወገን ዞረ። «የጠቡ ሥር ሸሽቷል፤ ሁላችሁም አይታችኋል» አለ። «ከሄዋጎ ልጅ ጋር ጠብ የለንም። ከወንድሞቿም ጋር የለንም።» ከዚያ የጎሬቲን የተንጠለጠለ ክንድ አየና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ለትከሻሽ አሳማ አመጣለሁ።»

ዳሊ ከዳር ሆና እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሊቤ እህቱን ደግፎ ወደ ቤት ወሰዳት።

ሃንዳቤም ቃሉን ጠበቀ፤ የሰባ አሳማ ራሱ ጎትቶ አመጣ። ለተሰበረው ትከሻ ካሳ የከፈላት እንግዲህ የሰበራት ሰው ነው። በሰደርያዋ ደረት ላይ ስሙን የጻፈባት ኩባንያ አምስት ሳንቲም አልወረወረላትም።

የማዶ ሰዎች ዛፍ ቆርጠው መንገዱን ዘጉ። ሄሊኮፕተር መጥቶ ነጮቹን ጭኖ ሄደ። የወጥ ቤቱና የልብስ እጥበቱ ሴቶች፣ የኛው ሰዎች፣ በሩ ተቆልፎባቸው ውጭ ቀሩ፤ ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ስላስፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አደሩ። ለነሱ ሄሊኮፕተር የለም። በኋላ ከዋና ከተማው ትልልቅ ሰዎች መጡ፣ ከማዶ ሽማግሌዎች ጋር በር ዘግተው ተነጋገሩ፣ ከፈሉ። ገመዱን ማን እንደያዘ የነገረን የለም። ዛፎቹ ግን ከመንገዱ ተነሱ።

ጎሬቲ ሰደርያዋን አጥባ፣ ለብሳ ካምፑ በር ላይ ተገኘች። አልፎንስ በሩን አልከፈተላትም።

«አትገቢም፣ እህቴ። ተሰናብተሻል።»

«በምን ጥፋት?»

አልፎንስ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ ከአፉ ሊያወጣው ከበደው። «የሥራ ቦታ ጥቃት ነው የሚሉት። ኃላፊ ላይ እጅ አንስተሻል። ወንበሩ... ባርኔጣውም...»

«ባርኔጣው ተሰበረ?»

«ኧረ ጎሬቲ፣ እኔ ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ።»

«እኔ ስመታስ? ያኔ ጥቃት አልነበረም?»

«እሱማ... ባህል ነው አሉ» አለ አልፎንስ። ተናግሮት ሲያበቃ ራሱ አፈረ።

ጎሬቲ ደሟ ፈላ። ሰደርያውን አውልቃ አጥሩ ላይ ወረወረችው፤ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሄልሜቱን በሩ ሥር አስቀምጣ፣ በምታውቀው ስድብ ሁሉ ዳሪልን እየሰደበች በእግሯ ቁልቁል ወረደች። የመንገድ ሰው ቆሞ ያያት ነበር። ግድ አልሰጣትም።

ጠመዝማዛው ላይ ስትደርስ አንዲት የማታውቃት ሴት ሰሌዳውን ይዛ ቆማለች። ሰደርያው ገና አዲስ ነው፤ ይሰፋታል። ፊቷ የዚህ ሸለቆ ሰው ፊት አይደለም። ጎሬቲ ልታልፋት ነበር፤ አልሆነላትም።

«የየት አገር ሰው ነሽ?»

«ከተራሮቹ ወዲያ ነኝ። ባሌ ሞቶብኝ ሥራ ፍለጋ ነው የመጣሁት። ቶሎ ነው የወሰዱኝ።»

«ወንድሞች የሉሽም?»

«አሉኝ እንጂ! ብዙ ናቸው» አለች ሴቲቱ ፈገግ ብላ። «ግን ሩቅ ናቸው፤ እንኳን ሊደርሱልኝ ወሬዬንም አይሰሙ። መጀመሪያ የጠየቁኝም ስለነሱ ነው። ቅርብ ዘመድ የለኝም ስላቸው በጣም ደስ አላቸው።»